ስለ እጅ ሙያተኛው የሥራ ቤትና ስለ ርስቱ

ባለፈው ኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ አምስት ሆነን በአንዲት አሮጌ መኪና ተጣበን፣ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት ተራሮች መካከል ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ዋልን። ያዞረን አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የቶ ወንዝ በሚያልፍባቸው፣ ሚቸልና ያንሲ በተባሉ ሁለት አውራጃዎች የሚኖሩ የእጅ ሙያተኞችና ሠዓሊዎች በዓመት ሁለት ጊዜ የየሥራ ቤታቸውን በር ይከፍታሉ፤ ማንም መንገደኛ ያለ ክፍያ ገብቶ ሥራውን ከነሠሪው ያያል። በወረቀቱ ላይ ካርታ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ መንገዱ ወደ ጫካ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ያው ቁጥር በሰሌዳ ተጽፎ ቆሟል። ሸክላ ሠሪው እጁ ጭቃ እንደ ሆነ እንግዳውን ይቀበላል። ሸማኔዋ መወርወሪያዋን ሳታቆም ትጫወታለች። ቀጥቃጩ ብረቱን ከፍሙ አውጥቶ እየደበደበ ለሕፃናት ያስረዳል። ዕቃ የወደደ ሰው ዋጋውን ለሠሪው በእጁ ይሰጣል፤ በመካከል ነጋዴ የለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሔሊን የተባለው ማዕበል ያስከተለው ጎርፍ ያን ተራራማ አገር ክፉኛ ጎድቶት ስለ ነበር የወንዙ ዳርና ዳር ጠባሳው ገና አልጠፋም ነበር። በሩ ግን ተከፍቷል።

በሦስተኛው ቤት ያገኘናቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ከወዴት እንደ መጣን ከጠየቁን በኋላ በአገራችን ሸክላ ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ። እኛም እየተሻማን ስለ ጀበናው፣ ስለ ምጣዱ፣ ስለ እንስራውና ስለ ጋኑ ብዙ ተናገርን። ሴትዮዋ በጣም ደስ አላቸውና «ከቤተሰባችሁ ይህን የሚሠራ አለ?» አሉን። በአንድ ድምፅ «የለም» አልን።

ማታ ስንመለስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ታናሻችን ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ በዝግታ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቀጨኔ» አለ። መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ከዚህ ልጅ ጋር አራት ዓመት በአንድ ማኅበር ተሰብስበናል፤ ከአንድ ገበታ በልተናል፤ ስለ ጭቁኖች መብት እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። ይህን ግን አናውቅም ነበር። ለምን እንደ ደበቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁላችንም እናውቀዋለንና።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ቃል ነው። ጓደኛችን ስሙ እንዳይነሣ ብቻ አደራ ብሎ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ቶሎ ከአፍ የሚወጣ አንድ ማብራሪያ አለ። «ፈረንጅ ሥራን ያከብራል፤ የእኛ ሕዝብ ሥራን ይንቃል» ይባልና ነገሩ ያልቃል። በበኩላችን ይህ አነጋገር ምንም አያስረዳም ባዮች ነን። አክብሮትና ንቀት ከሰማይ አይወርዱም፤ ሰው በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ከያዘው ቦታ ይበቅላሉ። ስለዚህ ያ በር የተከፈተው በምን ላይ ቆሞ እንደ ሆነ አስቀድመን እንመርምር፤ ከዚያም ወደ ራሳችን በር እንመለስ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የእነዚያ ተራሮች ነዋሪ በገዛ አገሩ ሰዎች ዘንድ የተከበረ አልነበረም። መሃይም፣ ሰካራምና ኋላ ቀር እየተባለ የሚቀለድበት ድኻ ነበር። ሴቶቹ በቤታቸው ፈትለው የሚሸምኑት የአልጋ ልብስ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ እየተረሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1890 ወደዚያ አገር የመጡ ፍራንሲስ ጉድሪች የተባሉ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሠራተኛ ከጎረቤታቸው አንድ አሮጌ የተሸመነ የአልጋ ልብስ በስጦታ አገኙ። ይህን የሚሠሩ እጆች ገና እንዳሉ፣ በከተማም ይህን የሚገዙ ሰዎች እንደሚገኙ ተረዱ። ሸማኔዎቹን አሰባስበው፣ አላንስታንድ በተባለ መንደር ሥራውን ጀመሩና እ.ኤ.አ. በ1908 በአሽቪል ከተማ ሱቅ ከፈቱ። ይህን ዓመት አንባቢ ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ ሉሲ ሞርጋን የተባሉ መምህርት የሽመና ሥራ ተምረው መጥተው በፔንላንድ ለጎረቤት ሴቶች መሸመኛ አደሉ፤ የተሠራውንም ገዝተው መሸጥ ያዙ። ከዚህ ጅምር እ.ኤ.አ. በ1929 የፔንላንድ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተወለደ። በማግሥቱ ዓመት በ1930 የደቡብ ደጋ አገር የእጅ ሙያተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ጉድሪችም ሱቃቸውን እ.ኤ.አ. በ1931 ለማኅበሩ አስረከቡ። በ1933 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲደረግ ሞርጋን ከግንድ የተሠራች ትንሽ ጎጆ በመኪና ላይ አስጭነው የሸማኔዎቹን ሥራ እዚያ ድረስ ወስደው ሸጡ።

ይህን እንደ ገድል አድርገን የምናወራው አይደለም። ሥራውን ይመሩ የነበሩት የተማሩ የውጭ ሴቶች ናቸው። የትኛው ጥለት «ጥንታዊ» እንደ ሆነና የትኛው እንዳልሆነ የሚወስኑት እነርሱ፣ ከእነርሱም ኋላ የከተማው ገዥ ነበሩ። ባለእጇ ሴት የምትቀበለው በሠራችው ልክ የተቆረጠላትን ነው። ሆኖም ግን አንድ ነገር አለ። ሸማኔዋ መሸመኛውን የምታቆመው በራሷ ጣሪያ ሥር ነበር። ከቤቱ በስተኋላ የበቆሎ ማሳ አለ፤ ላም አለች። ጭንጫም ቢሆን መሬቱ የቤተሰቡ ነበር። ገበያው ቢከፋ የምትመለስበት ነገር ነበራት።

ዛሬ በካርታው ላይ ያሉት ቤቶች ግን አብዛኞቹ የእነዚያ ሴቶች ልጆች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1962 ቢል ብራውን የተባሉ ሰው የፔንላንድ ዲሬክተር ሲሆኑ ከከተማ የሚመጡ ወጣት አርቲስቶች በትምህርት ቤቱ አጠገብ እየኖሩ የሚሠሩበትን ሥርዓት አቆሙ። እነዚህ ወጣቶች ጊዜያቸው ሲያበቃ ወደ መጡበት ከመመለስ ይልቅ እዚያው ቀሩ። የቀሩበት ምክንያት ከተራራው ውበት በፊት የመሬቱ ዋጋ ነው። ገበሬው ወደ ከተማ እየፈለሰ ስለ ነበር ያረጀ ቤትና ጥቂት ሄክታር መሬት ወጣት ሸክላ ሠሪ በሚችለው ገንዘብ ይገዛ ነበር። ገዙ፤ የከብቱን በረት አድሰው የሥራ ቤት አደረጉት፤ የመተኮሻውን ምድጃ በጓሮው ሠሩ። በዚያን ቀን ከገባንባቸው ዘጠኝ ቤቶች ባለቤቶቻቸው የተራራው ተወላጆች ሆነው ያገኘናቸው ሁለቱን ብቻ ነው። በዘጠኙም ቤት ግን ስለ ሥራው አጀማመር ስንጠይቅ መልሱ ከአንድ ቃል ይነሣል፤ «ይህን ቦታ በገዛሁ ጊዜ» ይላሉ።

በዚያው አገር ይህ ዕድል ያልደረሰውም ሠሪ ነበር። በጎረቤቱ በደቡብ ካሮላይና በኤጅፊልድ ዴቪድ ድሬክ የተባለ ባሪያ ሸክላ ሠሪ ታላላቅ ጋኖችን እየሠራ «ዴቭ» ብሎ ይፈርምባቸው፣ አንዳንዴም ግጥም ይጽፍባቸው ነበር። ይህን ያደርግ የነበረው ባሪያን ፊደል ማስተማር እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣ ሕግ በተከለከለበት ክፍለ ግዛት ነው። ጋኖቹ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። እርሱ ግን ባሪያ በነበረበት ዘመን የጭቃው፣ የጋኑና የገዛ እጁ ባለቤት አልነበረም። የቸሮኪ ሕዝብም አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1838 ከምድሩ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተነዳ። በተራራው የቀሩት ግን ከጊዜ በኋላ መሬታቸውን በጋራ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1946 የራሳቸውን የእጅ ሥራ የኅብረት ማኅበር አቋቋሙ፤ ቅርጫታቸውንና ሸክላቸውን እስከ ዛሬ በዚሁ ማኅበር ይሸጣሉ። የሥራው ማማርና የሠሪው ባለቤትነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መሬት ማለት ርስት ነው፤ ርስት የሌለው ሰው ሰው ከመሆን ጥቂት ይጎድለዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ከርስት ውጭ ነበሩ። የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን መሬት እንዳይወርስ እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። መሬቱን ያጣ ሰው እጁ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ብረት ቀጠቀጠ፣ ጭቃ አቦካ፣ ድንጋይ ጠረበ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያሠሩ የእነዚህ ሰዎች እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ፣ ሰፈራቸው እንዲለይ ወሰነ። እጁ ተፈለገ፤ ጎረቤትነቱ ግን አልተፈለገም።

በዚህ መሠረት ላይ ነው የቡዳው ተረት የተተከለው። ጠይብ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ተባለ። ገበሬው ቀን ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ ይሄዳል፤ ማታ ከዚያው ቀጥቃጭ ዓይን ልጁን ይሸሽጋል። ያለ ማረሻ አይታረስም፣ ያለ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም። ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሰው መሬት ቢጨመርለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚኖረው መገመት አያስቸግርም። ተረቱ አጥር ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ንቀቱ በሙያው ላይ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምስክር ከደቡብ እናምጣ። በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ ሽመና የሚሠሩት ማላ የሚባሉት ባለመሬቶች ናቸው፤ በአደባባይ ይሰበሰባሉ፣ ይሾማሉ፣ ሽመናቸውም አያስነቅፋቸውም። በዚያው አገር ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ግን ከአደባባዩ የተገለሉ ነበሩ፤ ከሌላው ጋርም አይጋቡም። ያ በአገሩ የተከበረ የዶርዜ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሽሮ ሜዳ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ እግሩን ከጉድጓድ ሲከት «ሸማኔ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ጠበቀው። ሙያው ያው ነው፤ መወርወሪያውም ያው ነው። የተለወጠው ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ነው።

ከላይ ልብ ይሏል ወዳልነው ዓመት ደረስን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በጥር ወር ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ይህም ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር 1908 ነው። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን የሚሰድቡትን ይገሥጻል፤ የሚሰድብ ሰውም እንዲቀጣ ያዛል። ለዘመኑ ታላቅ ቃል ነበር፤ የንጉሡን አርቆ አሳቢነትም አንክድም። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ በአሽቪል አንድ ሱቅ ተከፈተ፤ በአዲስ አበባ አንድ አዋጅ ተነገረ። አዋጁ አንደበትን ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም፤ ገበያም አልከፈተም። ስድቡም ድምፁን ቀንሶ እስከ እኛ ደረሰ። በመኪናው ውስጥ ዝም ያሰኘን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ በፊት ስለ ነበሩት ተማሪዎች አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለራሳችን ማዳላት ይሆናል። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ያ መፈክር የብዙ ሚሊዮን ጭሰኞችን ጥያቄ የያዘ ነበር፤ ዛሬም እንኮራበታለን። ነገር ግን ማረሻውን የሠራው ሰው አራሽ አልነበረም። ምጣዱን የሠራችው ሴት አራሽ አልነበረችም። በመፈክሩ ውስጥ ስማቸው የለም፤ ያጡትም ነገር ከጭሰኛው የተለየ ነበር። ጭሰኛው የሚያርሰው መሬት የእርሱ አልነበረም፤ እነርሱ ደግሞ አብዛኞቹ የሚያርሱት መሬት ጨርሶ አልነበራቸውም። የሚገርመው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከመፈክሩ ሰፋ ብሎ መገኘቱ ነው። በጉልበቱ ሊያርስ ለፈቀደ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጥ አዘዘ። በዚህ መሠረት በጋሞም ሆነ በሌላ ቦታ የተገለሉ ሙያተኞች በትውልዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አገኙ። የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ግን ትናንት ከቤቱ ያላስገባቸው ያው ጎረቤት ነበርና ለምለሙ ለማን፣ ጭንጫው ለማን እንደ ደረሰ መናገር አያሻም። በዚያም ሆነ በዚህ የደርግ መንግሥት በሌላው ነገር ሁሉ ያደረሰውን ጥፋት ይህ አያጥበውም፤ ይህችን ግን መዝግበን እናልፋለን።

ጎብኝ በሙያተኛው ደጅ መቆሙ በአገራችን የማይታወቅ ነገር ነው እንዳይባል ወለቃን እናስታውስ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። የውጭ አገር ሰዎች መምጣት ሲያበዙ የመንደሩ ሴቶች ከእንስራውና ከድስቱ ሌላ ለእነርሱ የሚሆን ትናንሽ የሸክላ ምስል መሥራት ያዙ፤ አንበሳ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ጎብኚው ከመኪናው ይወርዳል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ አንድ አንበሳ ገዝቶ ይሄዳል። የምስሏ ሠሪ ማን እንደ ሆነች በምስሏ ላይ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። መንደሯም ከባለቤቶቿ ባዶ ሆነች። ዕቃው ግን አልቀረም። አሮጌው የመንደሩ ስም በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ ኖረ፤ አንበሳውና ኮከቡም መሸጣቸው ቀጠለ። የሚሠሯቸው አሁን ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ትናንት ቡዳ ያሰኝ የነበረው ጭቃ ገበያ ሲኖረው ማንንም አላስፈራም። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ ስቋል፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

ቀጨኔ ከወለቃ ትለያለች፤ ጎብኝ እምብዛም አይደርስባትም። ሙያተኞቹ ከሰሜን ሸዋና ከሌላም አገር የከተማዋ ግንባታ በተጀመረበት ዘመን ለሥራ የመጡ እንደ ሆኑ ይነገራል። ጓደኛችን እንደ ነገረን እናቱ ጭቃውን ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ታቦካለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ጀበናውን በእጇ ብቻ ታወጣዋለች፣ በጠጠር ታለሰልሰዋለች። ሲደርቅ ከጎረቤቶቿ ጋር ተባብረው በሜዳ ላይ በእንጨትና በቅጠል ይተኩሱታል፤ ዝናብ ድንገት ከመጣ የሳምንቱ ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። የደረሰውን ነጋዴ ይረከባታል። ዋጋውን የሚቆርጠው እርሱ ነው። የሥራ ቤቷ መኝታ ቤቷ ነው፤ ቤቱም የቀበሌ ቤት ነው። እናቱ በሯን ለእንግዳ ትክፈት ብንል እንኳ በሩ የእርስዋ አይደለም፤ ነገ ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል ቢባል ከነጭቃዋ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

ልጁ ትምህርት ቤት በነበረ ጊዜ የእናቱን ሥራ የሚጠይቅ ቅጽ ሲሰጠው «የቤት እመቤት» ብሎ ይሞላ ነበር። ይህን የመከራት እርስዋ ራሷ ናት።

ከጉብኝቱ በኋላ በነበረው እሑድ ስልክ ደውሎ ያየውን ሁሉ ነገራት። ሰው ከሩቅ አገር ጭቃ ሲቦካ ለማየት በመኪና እንደሚመጣ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስሟን በሰሌዳ ጽፋ እንደ ሰቀለች፣ እንደ ጀበና ያለች አንዲት ማፍሰሻ በ60 ዶላር እንደ ሸጠች አወራላት። ዶላሩ ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን አልጠየቀችውም። «ለመሆኑ እንጨቱን ከየት ታመጣለች? ዝናብስ ሲመጣ ምን ታደርጋለች?» አለችው። ምድጃው ጣሪያ እንዳለው ነገራት፤ ስለ እንጨቱ ግን አልጠየቀም ነበርና መልስ አጣ። የሴትዮዋ ቁጥር ያለበትን ወረቀት አላስጣለንም። የሚቀጥለው ጉብኝት በሰኔ ነው፤ ጠይቆ ሊነግራት ቃል ገብቷል።